የዒዱ ሙዳ

ሁለት አጭር ክላክስ ስሰማ እስካሁን እግሬ ጫማ ይፈልጋል። አል-ሳሃፋ ውስጥ እኔ በምኖርበት መንገድ ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያዞር ቦክስ ያልፋል፤ ቦክስ የሚሉት እዚህ ካርቱም ከኋላው ክፍት የሆነውን ፒካፕ ነው። ሾፌሩ በየበሩ እየቆመ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ያስጮኸውና ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ፣ ወተት ግን አልገዛም። መኪናው እስኪያልፍ በሩ ላይ ቆሜ፣ በራሴ ተናድጄ እመለሳለሁ።

ያ ድምፅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴ ድምፅ ነው። የምንኖረው ከካርቱም ወጣ ብሎ፣ ከሶባ አልፎ፣ ዓባይ ዳር ባለ እርሻ ላይ ነበር። አባቴ ጎንደር አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ በደርግ ጊዜ በመተማ በኩል ሸሽቶ ካርቱም ገብቶ፣ እናቴም ተከትላው መጥታ፣ ያገኘውን ሥራ ሁሉ ሲሠራ ኖሮ፣ የከተማው ኪራይና የፖሊሱ አፈሳ ሲያስመርረው የሐጅ ኢድሪስን እርሻ ሊጠብቅና ውሃ ሊያጠጣ ገጠር ገባ። ከካርቱም የሚመጣ ዘመድ ሁሉ አረንጓዴውን እያየ «እናንተማ አገር ቤት ናችሁ» እያለ ይቀናብን ነበር፤ ከመተኛታችን በፊት አልጋ ልብሱን እያነሳን ጊንጥ ስናራግፍ ግን ያየን የለም።

አባቴ ከእኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሸሃዳ። ሱዳን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና እንዲያ ነው የሚባለው። እሱን ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ደግሞ እሱ ጠመኔ ጥሎ አካፋ የያዘበት ዘመን ከንቱ አልሆነም። በአፉ እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን እጁን ከቦዩ ውሃ ታጥቦ፣ ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ የዐረብኛውን ደብተሬን ከመጨረሻው ገጽ እየጀመረ ያገላብጥ ነበር። እኔም ከዚያ ሌላ ምኞት አልነበረኝም፤ ሌላ ምን ይመኙ ነበር እዚያ።

ችግሩ መንገዱ ነበር። የሴቶቹ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ከእርሻችን ራቅ ብሎ ሌላ መንደር ውስጥ ነው፣ አውቶቡስ እኛ ጋ አይደርስም፣ በቦዩ ዳር ያለውን መንገድ ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትመላለስበት ወሬ ይከተላታል። ሐጅ ኢድሪስ ልጁን ሰልማን በየቀኑ በቦክሱ ስለሚያደርሳት አባቴ ለመነው፣ እሱም ሳያንገራግር እሺ አለ። ጠዋት በራችን ላይ ሁለቴ ያስጮኻል፣ ሦስተኛ የለም፤ እናቴ ሻሼን አስተካክላ ትገፋኛለች፣ እኔም እየሮጥኩ ወጥቼ ሰልማ አጠገብ እሸጎጣለሁ፣ ከኋላ የተጫነው በርሲም፣ ማለት ለከብት የሚታጨደው ሣር፣ ጤዛው ሳይደርቅ ይሸተን ነበር።

ትምህርት የሚከፈተው በክረምት ነው። የካርቱም ክረምት እንደኛው አገር ለወራት ያለቅሳል ማለት አይደለም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ አቧራው ከደቡብ ተነሥቶ እንደ ግድግዳ ይመጣና፣ ዓይናችንን ሞልቶ ሲያበቃ ዝናቡ ይከተልና፣ በማግሥቱ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ይውላል። ቦክሱ በተያዘ ቁጥር እኔና ሰልማ ወርደን ከኋላ እንገፋ ነበር፣ ጎማው ጭቃውን ነጩ ሻሻችን ላይ ይረጨው ነበር፣ ክፍል የምንገባውም እንደዚያው ዝንጉርጉር ሆነን ነው። አስተማሪዋ ስትቆጣ ሰልማ ትቀድመኝና «ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች። የትኛው ጥፋት እንደሆነ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ቀዝቃዛው ወቅት ሲመጣ ደግሞ የቁርስ ሰዓት ይናፍቀን ነበር። ረፋዱ ላይ ክፍል ይለቀቅና ሴቶቹ በቡድን በቡድን ሆነው አንድ ትልቅ ትሪ ይከባሉ፣ ፉሉ መሐል ይፈስሳል፣ ዳር ዳሩን ሰላጣና ጣዕሚያ የሚሉት የሽምብራ ጥብስ ይደረደራል፣ ያለው ሰው ከቤቱ ጥብስ ወይም ጉበት ያመጣል፣ ሁሉም በእጁ ነው የሚበላው። ሥጋ ሲኖር እኔ እጄን እሰበስባለሁ። እናቴ ከክርስቲያን ቢላ ያልወጣ ሥጋ አፏ አያውቅም፣ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት፤ በዓል ሲደርስ የአገር ልጆች ካርቱም ተሰብስበው በግ ያርዳሉ፣ ካልሆነም አባቴ ግቢያችን ውስጥ በስመ አብ ብሎ ዶሮ ይባርካል፣ ከዚያ ውጭ ሥጋ የሚባል የለም። አባቴ ራሱ ብቻውን ካርቱም በኖረበት ዘመን ያገኘውን ይበላ እንደነበር እናቴ ታውቃለች፣ እሱን ግን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም።

ለሰልማ ይህን እንዴት ብዬ ልንገራት። «ከእጃችሁ አይበላም» የምላት መስሎ ታየኝና፣ በቀለለኝ በኩል ሄጄ «ጾም ላይ ነኝ» አልኳት። የእኛ ጾም ማብቂያ እንደሌለው ለማንም ለማስረዳት አይከብድም፤ ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ የገና አለ፣ የፍልሰታ አለ። ሰልማም አምናኝ፣ ሥጋ በመጣ ቁጥር ወደ ሌላው ወገን ገፍታ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን በዳቦ ጠርጋ፣ «በዚህ በኩል የሂሩት ነው፣ እንዳትነኩ» ትላቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ የትሪው አንድ ጥግ የኔ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የዚያን ጥግ የሚያህል ቦታ ማንም አልጠበቀልኝም።

የዒድ አል-አድሐ በግ ሲታረድ የሰልማ እናት ሐጃ ዘይነብ ለእኛ ድርሻ ትልክ ነበር። የምትልከውም ትርፉን አይደለም፣ የፊት እግሩን ከነሙዳው፣ ለገዛ እህቶቿ ሳትልክ ለእኛ፣ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ነው። እናቴ በተሰባበረ ዐረብኛዋ መርቃ፣ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ታስገባውና፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ለአቾል ትሰጣታለች። አቾል ባሏ ዓባይ ዳር ጡብ የሚሠራ የደቡብ ሱዳን ሴት ነበረች፤ ክርስቲያን ናት፣ ግን ሥጋ በማን ቢላ ታረደ ብላ አትጠይቅም፣ እየሳቀች ወስዳ ለልጆቿ ትቀቅላለች። ጨርቁን እናቴ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ፣ ለሐጃ ትመልሳለች። ሥጋውን ማን እንደበላው አልተጠየቀም፣ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር የሚኖረው።

ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ዓመት ስጀምር ደቡብ ሱዳን ተገነጠለችና ደቡቦቹ አገራቸው ሊገቡ ተነሡ። አልጋ፣ በር፣ ቆርቆሮ፣ የሰው ልጅ የሚሸከመውን ሁሉ ጭነው ሲሄዱ የጡቡ ምድጃዎች እንደተከፈቱ ቀሩ፣ አቾልም እናቴን አቅፋ ተሰናብታት ሄደች። እናቴ ያን ቀን አለቀሰች። ለጓደኛዋ እንጂ ለሥጋው አልነበረም፤ ሥጋው ያኔ የማናችንም ሐሳብ አልነበረም።

ዒዱ የመጣው ብርዱ ሲጀምር ነው። ሐጃ እንደ ልማዷ ላከች፣ እናቴም እንደ ልማዷ መርቃ ተቀበለችና፣ ሙዳውን መሐል ቤት አስቀምጣ ቁጭ ብላ ታየው ጀመር። ለሌሎቹ ሠራተኞች እንዳትሰጥ ሁሉም ከዚያው በግ ድርሻ ወስደዋል፣ ብትሰጣቸውም ወሬው ከምሽት በፊት ሐጃ ጆሮ ይገባል። አባቴ «እንብላውና ይለቅ» ቢላት በዓይኗ ገሠጸችው። ሜዳ ላይ እንዳትጥለው ደግሞ ምግብ ነው፣ ምግብ አይጣልም፤ ስለዚህ በዚያው በነጩ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ወስዳ፣ በርሲሙ መጨረሻ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። እንደ ቆሻሻ ብትወረውረው ኖሮ ውሻ በልቶት ያልቅ ነበር፣ ማንም አያውቅም ነበር። አክብራ በመጠቅለሏ ነው የተያዘችው፤ ውሾቹ ቆፍረው አወጡትና ጨርቁን ከነሙዳው እየጎተቱ የሐጃ ግቢ በር ላይ ተጣሉበት። ሐጃ ጨርቋን አወቀችው።

የዒዱ ዕረፍት ባለቀ ማግሥት ጠዋት ሻሼን አስሬ ቆምኩ። የቦክሱ ሞተር ሲመጣ ተሰማኝ፣ በራችን ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ አለፈ፣ ክላክስ የለም። እናቴ ምን እንደሆነ ገባት፣ እኔ ግን ረስተውኝ መስሎኝ ከኋላው ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በቦዩ ዳር በእግሬ ተመላለስኩ። ሁለቴ ዘግይቼ ከክፍል በር ላይ ተመለስኩ፣ አህያ የሚነዱ ጎረምሶች ስሜን ሳያውቁ ስም አወጡልኝ፣ ወሬውም እንደተፈራው አባቴ ጋ ደረሰ። አባቴ እንዲህ ሆኖ እስከ ፈተናው እንደማይዘለቅ ነገረኝ፤ መኪናው ካልተመለሰ ትምህርቱ ማለቁ ነው። ሰልማ ክፍል ውስጥ ዞራ አታየኝም ነበር። ቁርስ ላይ ትሪውን ከበው ሲቀመጡ ሥጋው ፈሶ የኔን ጥግ ሸፍኖት አየሁና ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ እሷም ተነሥታ መጣች።

«ጾም ነው አልሽኝ» አለችኝ። «አንበላም ብትሉን ኖሮ እናቴ በጉን ከነነፍሱ ትልክላችሁ ነበር፣ አባትሽ ያርደው ነበር። ወላሂ ትልክ ነበር።»

እውነቷን ነበር፣ ሐጃ ዘይነብ ታደርገው ነበር፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ከእኛ አንዳችን እንኳ ይህን ነገር በአፉ አውጥቶ ለመናገር አልደፈረም።

አባቴ ሐጅ ኢድሪስ ዘንድ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሐጅም ነገሩ የሴቶች እንደሆነ፣ ሐጃ ቀን ቆርጣ እንደምትጠራን፣ አብረን ከበላን እንደሚያልቅ ነገረው። አባቴ ደስ ብሎት ተመልሶ ይህን ሲያወራ እናቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፣ ቢላውን አስቀመጠችና «ምን እንደሚያቀርቡ ታውቃለህ፣ መምህር?» አለችው። እሱም ያውቃል። አንድ ጉርሻ ብቻ እንደሆነ፣ የልጅቷ ዕድሜ ልክ በዚያች ጉርሻ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እግዚአብሔርም እንዲህ ያለውን እንደማይቆጥር ለመናት። እናቴ ሽንኩርቷን ጨረሰች። ቀኑ ሲደርስ ነጠላዋን ለብሳ ቀድማን ወጣች።

ሐጃ ዘይነብ ግቢዋን አስጠርጋ፣ ምንጣፍ አንጥፋ ጠበቀችን። ትልቁ ትሪ መጣ፣ ሩዙ ላይ የበግ ሥጋው ተከምሯል። ሐጃ ያለ ቁጣ፣ እንዲያውም እንደ ማፈር እያለች፣ ከገዛ ፊት ለፊቷ ለስላሳውን መርጣ ቆርሳ እናቴ ፊት አኖረችላት። «ያላ፣ እህቴ» አለቻት። «ቢስሚላህ በይ፣ ይለቅ።»

እናቴ እጇን ዘረጋች። እስከ ትሪው ጠርዝ ድረስ ዘረጋችው፣ ጣቶቿ ሩዙን ነክተው ቆሙ፣ ሰልማ ከእናቷ ኋላ ቆማ እኔን ታያለች። የሚቀጥለው አራት ወር በሙሉ፣ ፈተናውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ሕይወቴ እዚያ እጅ ላይ ቆሞ እንደነበር እናቴ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች። እጇ ግን አልተነሣም። እኔ ከእናቴ ፊት ያለውን ሙዳ አንሥቼ አፌ ውስጥ ከተትኩት። አኘክሁት፣ ዋጥሁት፣ ደግሜ አነሣሁ። ጣፋጭ ነበር፣ ይህንንም አልረሳም።

ሐጃ ዘይነብ ራሴን ዳበሰችኝ። «ልጅቷ በልታልኛለች፣ ይበቃኛል» አለች። ለእናቴ ውሃ አስመጥታ በገዛ እጇ ሰጠቻት፣ እናቴም ጠጣች፣ ሐጅ ኢድሪስ አልሐምዱሊላህ አለ። ጠዋት መኪናው እንደሚመጣ ለአባቴ ነገረው። በእውነት ታረቁን፣ እነሱን የምወቅስበት ምንም ነገር የለኝም፤ ነገሩን የሚያመርረው ይህ ነው።

ስንመለስ እናቴ ከፊት ከፊት ሄደች፣ ቤት ስንገባም ከእነሱ ገበታ ለይታ ለእኔ ብቻ ሌላ ሳህን አወጣች። ጠዋት ተነሥቼ ታጥቤ፣ ሻሼን ራሴ አስሬ፣ ደብተሬን ይዤ ስወጣ የግቢውን በር ከውስጥ ቀርቅራ፣ ጀርባዋን አስደግፋ ቆማ አገኘኋት። ቦክሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ አስጮኸ።

«እማዬ፣ መጡ እኮ» አልኳት።

«ይሂዱ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አገሬን ትቼ፣ የእናቴን መቃብር ሳላይ፣ ያለኝን ሁሉ ትቼ ነው እዚህ የመጣሁት። ይዤ የቀረሁት ይህችን ማተብና አንቺን ነው። ዛሬ ሥጋቸውን በላሽ፣ ነገ ከእነሱ ታገቢያለሽ፤ አንቺንም ልተው?»

በቆርቆሮው በር ቀዳዳ የመኪናው ጎማ ይታየኝ ነበር። አባቴ ውሃ መሳቢያው ጋ ቆሞ ያየን ነበር፤ ጠራሁት፣ ሁለት ጊዜ አባዬ አልኩት። ዞሮ ጎንበስ አለና የውሃ ሞተሩን አስነሣው፣ ግቢው ሁሉ በዚያ ድምፅ ተሞላ። ክላክሱ ተደግሞ እንደሆነ ከዚያ በኋላ መስማት አልቻልኩም። ሐጅ ኢድሪስ ግን በማግሥቱም መጣ፣ ከዚያም በኋላ ጥቂት ቀን መጣ፣ ሰልማም አንድ ጠዋት ወርዳ በሩን አንኳኳች፣ እናቴ ልጅቷ ታማለች አለቻት። በኋላ መምጣቱን ተወ።

ብርዱ ሳያልቅ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ወደሚኖሩ ዘመዶች ተላክሁ። የፎቅ ደረጃ አጠብሁ፣ የሰው ልጅ አዘልሁ። ሙቀቱ ሲጀምር፣ በፈተናው ሰሞን፣ መንገዱን የሞሉት ዩኒፎርም የለበሱ ሴቶች በአውቶቡስ መስኮት ጥያቄ ሲጠያየቁ፣ ባልዲዬን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ መልሱን በልቤ እመልስ ነበር። አንዳንዱን አውቀው ነበር።

አባቴ አርፏል። እኔ አል-ሳሃፋ ፀጉር እየሠራሁ እኖራለሁ፣ እናቴም ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው ክረምት ወድቃ ሶባ ሆስፒታል አስተኝቻት ነበር፤ ሐኪሙ ደሟ እንዳነሰ ነግሮኝ የሥጋ መረቅና ጉበት እንዳይለያት አዘዘ። ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤት አንድ ነው፣ በሩም ከእናቴ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ባለቤቱን፣ ሙስሊም መሆኑንም፣ ታውቃለች፣ ጠዋት ጠዋት እየተጠያየቁ ሰላም ይባባላሉ፣ እኔ ከእሱ ገዝቼ ስገባም ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች።

የመጀመሪያ ቀን መረቁን ይዤላት ስገባ በሩ ላይ ቆም አልኩ። ትጠይቀኛለች ብዬ፣ ፊቷን ታዞራለች ብዬ፣ እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንድታዞር ፈልጌ ነበር። ያን ጊዜ በሩን የዘጋችብኝ ነገር እውነት ከሆነ ዛሬም እውነት ይሁን፤ ቢያንስ የከፈልኩበት ነገር አለ። ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ እሷ ጠንካራ ነበረች፣ አንድ ጉርሻ የሚያህል ነገር እንኳ አታጎድልም ነበር፤ ዛሬ እሷ ትንሽ ሆናለች፣ ጥርሷ አልቋል፣ ማንኪያውን የምይዘው እኔ ነኝ። ትራሷን አስተካክዬ፣ ከመረቁ ሥጋውን በጣቴ አድቅቄ፣ ወደ አፏ አስጠጋሁት። ዓይኔን አየችው፣ በመስኮቱ አሻግራ ሥጋ ቤቱን አየች፣ አፏን ከፈተች።

ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችው። ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ጨው አነሰው» አለችኝ።

ተነሥቼ ጨው ጨመርኩላት።